ከእድሩ አዳራሽ ደጃፍ የቀሩ አባል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ወደ አዳራሻችን የሚገባው ሦስት ደረጃ ተወጥቶ ነው። ከሕመም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር መንቀሳቀስ የጀመሩ አንድ ነባር አባላችንን ወጣቶች ከነወንበራቸው ተሸክመው ያስገቧቸው ነበር፤ አሁን ግን መምጣት አቁመዋል። ከስብሰባ የቀረ እንዲቀጣ መተዳደሪያ ደንባችን ስለሚያዝ ቅጣት ተጽፎባቸዋል። መወጣጫ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ከኮሚቴው ከፊሉ «ለአንድ ሰው ተብሎ የእድር ገንዘብ አይወጣም» አለ። በዚህ ላይ ማታ በአዳራሹ የሚያጠኑ ልጃገረዶች ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንደሚፈሩ ወላጆች ነግረውናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ የተከበሩ ጸሐፊ፣ ከቅጣቱ ይጀምሩ። እኒህ አባል የቀሩት እድራቸውን ንቀው ሳይሆን እድሩ የሚገቡበትን በር ስላላበጀላቸው ነውና፣ የተጻፈው ቅጣት በቃለ ጉባኤ ይሰረዝ፤ የከፈሉት ካለም ይመለስላቸው። ይህ አንድ ሳንቲም ወጪ የለውም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊወሰን ይችላል።

ወጣቶቹ መሸከማቸው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሸክም መግቢያ ሊሆን አይችልም። የአንዱ ተሸካሚ እግር በእርጥብ ደረጃ ላይ ቢያዳልጥ የሚወድቀው ሰውየው ከነወንበራቸው ነው፤ ባይወድቁም እንኳ ለዓመታት በእኩልነት በተቀመጡበት ጉባኤ ፊት በሰው እጅ ተንጠልጥለው መግባት፣ ስብሰባው ሳያልቅ መውጣት ቢያስፈልጋቸውም ተሸካሚ መለመን፣ ክብርን የሚነካ ነገር ነው። ለምን መምጣት እንዳቆሙ ግን ከእኛ ግምት ይልቅ ከራሳቸው አንደበት ይስሙ፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤታቸው ድረስ ሄደው ምን ቢስተካከል እንደሚሻላቸው ይጠይቋቸው።

«ለአንድ ሰው» የሚለው ክርክር የእድራችሁን መዝገብ ያላየ ክርክር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ተስማሚ መግቢያ እንዲኖራቸው ሲደነግግ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸውንም ጠቅሶ ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቶች፣ በምርኩዝ የሚሄዱትን አባቶች፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃን ያዘሉትን ከአባላት ዝርዝር ውስጥ ቢቆጥሩ፣ ቁጥሩ ራሱ ለኮሚቴው መልስ ይሰጥልዎታል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት በየለቅሶው በዚያው ደረጃ እየተሸከሙ እንደሚወጡና እንደሚወርዱም አይዘንጋ።

ግንበኞች ራምፕ የሚሉት ተዳፋት መወጣጫ ሲሠራ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው በርዝመቱ ላይ ነው። ቦታና ሲሚንቶ ለመቆጠብ አሳጥረው ቀጥ ያለ ዳገት ያደርጉትና፣ ወንበሩን በገዛ እጁ የሚገፋ ሰው የማይወጣው፣ ሲወርድም ወደፊት የሚደፋው ይሆናል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልኬት ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። የእናንተ ሦስት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። ግቢው ለዚህ ካልበቃ መሐል ላይ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ሜዳ ማረፊያ አስገብቶ ማጠፍ ይቻላል። በሩ ፊትም እንዲሁ ሜዳ ቦታ ይኑር፤ አለዚያ ሰውየው በተዳፋቱ ላይ ሆነው በአንድ እጅ ወንበራቸውን፣ በሌላው በሩን ሊይዙ ነው። ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 ባያንስ፣ የበሩ ክፍተትም ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በግራና በቀኝ መደገፊያ ብረት፣ ከሥሩም ጎማ እንዳያመልጥ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ያስፈልጋል። የጅማን ዝናብ እናንተ ታውቁታላችሁና ሲሚንቶው ተለስልሶ እንዳይቀር፣ ሳይደርቅ በሻካራ መጥረጊያ አግድም ይጫር። ከመንገዱ እስከ ግቢው ያለው የጎርፍ ቦይ ክፍት ከሆነም በጠንካራ ክዳን ይሸፈን፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ከደረጃው የበለጠ አደጋ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ልጃገረዶቹ የነገሯችሁን ወላጆች እመኗቸው። መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ እስከ ደጃፉ የሚደርስ መብራት፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የፀሐይ ኃይል አምፖል ይኑረው፤ መንገዱን የሚጋርደው ቁጥቋጦ ይመንጠር። የጥናቱ ሰዓት እስኪያልቅ የምትቆይና ልጆቹ የሚያምኗት አንዲት ኃላፊ ሴትም ትመደብ። አዋጁ መጸዳጃ ቤትንም የጠቀሰ ስለነበር፣ ለመብራቱ ሥራ ሲገባ አንዱን ክፍል ሰፋ አድርጎ፣ መቀመጫና የእጅ መያዣ ብረት ጨምሮ መሥራት ወጪውን ያቀልላል።

ለቅሶ የምትጠሩት በጥሩምባ ከሆነ መስማት ለተሳናቸው አባላት አጭር የስልክ መልእክት ይላክ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ መወጣጫው ይቅደም፤ መብራቱና ቁልፉ ግን ርካሽ ስለሆኑ ወረፋ አይጠብቁ። የግንበኛው የመጨረሻ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም እኒህ አባል ማንም ሳይገፋቸው ወጥተውና ወርደው ይሞክሩት፤ እጃቸው ከዛለ ወይም ጎማው ካንሸራተተ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ተስተካክሎ እስኪሞከር ድረስ ርክክብ አይፈረም።