«ዝርያ» እንዴት ዝርያ ይኖረዋል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን አራት ኪሎ ወደሚገኘው የእንስሳት ሙዚየም ከመውሰዴ በፊት ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ፕሴውዶቦዶን የእባብ ዝርያ ነው፤ አራት ዝርያዎች አሉት» አልኩ። አንዲት ተማሪ «ዝርያ እንዴት ዝርያ ይኖረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት?

መልስ፦ ተማሪዎ ልክ ናት። በአማርኛ የምደባ አሰያየም ጂነስ «ወገን»፣ ስፒሽስ «ዝርያ»፣ ከወገን በላይ ያለው እርከን ደግሞ «አስተኔ» ይባላል። «የእናት ወገን»፣ «የአባት ወገን» ስንል በትውልድ የተሳሰሩ ብዙ ሰዎችን በአንድ ቃል እንደምንሰበስብ ሁሉ፣ የሥነ ሕይወቱ ወገንም ተዛማጅ ዝርያዎችን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ቃሉ የተመረጠው በማስተዋል ነው እላለሁ። «ዝርያ» ግን ሸክሙ ቀድሞም ከባድ ነው። የግብርና ባለሙያ «የተሻሻለ የስንዴ ዝርያ» ሲል በአንድ ስፒሽስ ውስጥ ያለን ልዩነት ማለቱ ነውና፣ ጂነስንም ካሸከምነው ቃሉ ሦስት እርከን ተሸክሞ አንዱንም በግልጽ ሳያሳይ ይቀራል።

የመረጡት ምሳሌ ለዚህ እጅግ ይመቻል። ፕሴውዶቦዶን በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ወገን ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ሌምኒስካቱስ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ ቦኤዶን (ቦዶን ተብሎም ይጻፋል) ከተባለው የአፍሪካ የቤት እባቦች ወገን ተቆጥሮ ነበር፤ ፔራካ የተባለው ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ1897 እ.ኤ.አ. የተለየ ወገን አቆመ፤ ስሙም «ሐሰተኛ ቦዶን» እንደማለት ነው። ኋላም አስተኔው ከኮሉብሪዴ ወደ ላምፕሮፊዴ ተዛውሯል። ዝርያው ሳይለወጥ ወገኑ፣ ወገኑ ሳይለወጥ አስተኔው ሊቀየር እንደሚችል በአማርኛ መናገር የምንችለው ለየእርከኑ የራሱን ቃል ስንሰጥ ብቻ ነው። የስሙን ፍቺ ለተማሪዎች መንገር መልካም ነው፤ ነገር ግን «ሐሰተኛ ቦዶን» የሚለውን በስሙ ምትክ አይጻፉ፣ ሳይንሳዊ ስም አይተረጎምምና።

የስሙን ቅደም ተከተልም ያስረዷት። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ «ፕሴውዶቦዶን ሌምኒስካቱስ» ሲባል ግን የሚቀድመው የወገኑ ስም ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «የእባብ ወገን ነው» የሚለው ሐረግ በተራ ንግግር «ከእባብ ይመደባል» ብቻ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ቢጽፉ ይሻላል፦ «ፕሴውዶቦዶን የተባለው የእባቦች ወገን አራት ዝርያዎች አሉት።»