የተቀደደ ሲቪ ቡትና ያባረርኩት ልጅ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አብዛኛውን ታክሲ ነድቼበታለሁ። ከአገር ቤት የመጣ ወንድም በርካሽ የገዛትን አሮጌ ኮሮላ ይዞ «ጋሼ፣ መሪ ሳዞር ቋ ቋ ትላለች» ብሎ ሲደውልልኝ፣ ሲቪ ቡቱ፣ ማለትም የአክስሉን መገጣጠሚያ የሚሸፍነው ላስቲክ፣ ከተቀደደ ወራት እንዳለፈው አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አላየም። ደብል ሺፍት ሲሠራ ነበራ!

1. ጎንበስ ብላችሁ እዩ

ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚነዳባቸው መኪኖች ከካምቢዮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወጡ፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩ ሁለት ዘንጎች፣ አክስሎች፣ አሉ። በየጫፋቸው መገጣጠሚያ አለ፤ በድምሩ አራት። እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ የሚሸፍናቸው ጥቁር ላስቲክ ሲቪ ቡት ይባላል። ግሪሱን ይይዛል፣ ውሃና አሸዋ ይከለክላል። መሪ በዞረ ቁጥር የሚታጠፈው በጎማው በኩል ያለው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በባትሪ አብሩበት። ቸርኬው ላይ ከውስጥ በኩል ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ካገኛችሁ ተቀዷል።

ድምፅ ካልጀመረ ቡቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ቋ ቋ ማለት ከጀመረ ግን ብረቱ ተበልቷል፤ አዲስ ቡት ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው፣ አክስሉን ቀይሩ። እዚህ አገር ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አንዴ ከገባበት ጊዜ አይሰጥም።

2. ወረቀት

ኢንሹራንስና ምዝገባ አይለፍባችሁ፤ የዕቃ ደረሰኝ አስቀምጡ። በቃ።

3. ሥራው

የአክስሉን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ አንድ ሰው ፍሬን እየረገጠ አላሉት፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ 30 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በክሪክ አንሱና መደገፊያ ብረት አስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ስሙን እንኳ ሊነግረኝ አይገባም!

ጎማውን አውልቃችሁ ጎማውን ከታች የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ፣ የታችኛውን ቦል ጆይንት፣ ፍቱ፤ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር እየተጠነቀቃችሁ አክስሉን ከጎማው በኩል አውጡ። ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ እሰሩት። መገጣጠሚያውን አውልቃችሁ አሮጌውን ግሪስ ጥርግ አድርጋችሁ አጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብትቀር ሁሉም ከንቱ ነው። አዲሱን ቡት አልብሱ፤ አብሮት የመጣውን ግሪስ አትቆጥቡ፣ በሙሉ ጨምሩ። ቡቱን ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት፣ ክላምፑን፣ ከማጥበቃችሁ በፊት ጫፉ ድንዝ የሆነ ካቻቢቴ ከቡቱ ከንፈር ሥር አስገብታችሁ አየሩን አስወጡ። ተሰንጥቆ በማስቲሽ የሚጣበቀውን ዓይነት አትግዙ። ዳዶውን የምታጠብቁበትን ኃይል ከመኪናው መጽሐፍ እዩ፤ በግምት አይሆንም።

4. ባትሪውን ማን ይያዝ?

ልጃችሁ ይያዝ። ሥር አይግባ፣ ጎን ቆሞ ያብራ።

የእኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ እንዲህ ጓሮ ስሠራ መጥቶ ቁጢጥ አለና «አባ፣ እሱ ምንድነው?» አለኝ። በአማርኛ። እጄ ግሪስ በግሪስ ነው፣ ማታ ሥራ አለብኝ። «ግባ፣ ልብስህ ይቆሽሻል፤ የቤት ሥራህን ሥራ» አልኩት። ሌላ ቀን መጣ፣ አሁንም አባረርኩት። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን ካለችው እናቴ ጋር በስልክ ሳገናኘው «ሰላም እማማ፣ ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ወደ እኔ ይመልሰዋል። እሷ «ምን አለ ልጄ?» ትለኛለች። በእናቴና በልጄ መሃል አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ «ልጄ አማርኛ እምቢ አለኝ» የምትሉኝን አልሰማም። እምቢ ያለው ማነው? ቅዳሜ ፊደል ሊቆጥር ወስዳችሁት፣ ገና መኪና ውስጥ ሳይገባ በእንግሊዝኛ «ቶሎ በል» ትሉታላችሁ። ፊደሉ ጥሩ ነው፤ ይማር። ግን «አቀብለኝ»፣ «ያዝ»፣ «ቀስ»፣ «አጥብቀው»፣ «አላላው» የሚሉትን ከእናንተ አፍ ካልሰማ ከማን ይስማ? ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ በሉት። ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ቢሆንም መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚጠራቸው በእነዚሁ ስሞች ነው። ፒንሳ ስትሉት ካቻቢቴ ቢያቀብላችሁ አትቆጡ፤ «ይሄኛው» ብላችሁ አሳዩት። ሥራው ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረ አምስት ይፍጅ! መካኒክ ጋ ሄዳችሁ የምታተርፉትን ሰዓት በትርፍ ሥራ እንደምትጨርሱት እኔ አውቃለሁ፤ እኔም እንዲሁ ጨርሼዋለሁ።

ስትጨርሱ ልጁን ጎናችሁ አስቀምጡና ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ፣ መሪውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። «ይሰማሃል?» በሉት። «አይሰማም አባ» ካላችሁ ቤት ግቡና እጃችሁን አብራችሁ ታጠቡ። ክላምፖቹን ከሳምንት በኋላ ሄዶ ያያቸው እሱ ይሁን።