የድሬ ውሃ ይጠጣል ወይ? ነጩን ተዪው፣ የማይታየውን ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሁለት ወር ልጅሽ ጋር ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ልትገቢ ነው። የቧንቧው ውሃ ነጭ ነገር አለው ሲሉሽ ፈራሽ፤ መንግሥትስ ስለ ውሃውና ስለ ቆሻሻው ምን እየሠራ ነው ብለሻል። ድሬ ያደግኩ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ነጩ ኖራ ነው። የምንጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ በኖራ ድንጋይ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛበታል። የኛ ቤት የሻይ ብራድ ውስጡ እንደ ግድግዳ ተለስኗል። ሎሚ ጨምቀን ስናፈላበት ይለቃል። ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥሽም። ጤና ላይ ግን ችግር የለውም።

የሚያሰጋው ናይትሬት የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የከተማውን ጉድጓዶች ያጠኑ ሰዎች፣ በተለይ ቤት በተጠጋጋበት በኩል፣ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ዋናው ምንጩ ከሽንት ቤትና ከሴፕቲክ (ከፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) የሚሰርገው ነው። ሰዉ ደግሞ «የኔ ሴፕቲክ ከተሠራ ጀምሮ መምጠጫ መኪና አይቶ አያውቅም» እያለ ይኮራል። አቦ! ያልሞላው እኮ ታቹ ስላልተለሰነ ነው። የት የሚሄድ ይመስልሃል ስትዪው ዝም ይላል።

ሕግ አላነሰንም። የ1995ቱ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረት ከልክሎ ነበር፤ ጫታችን ግን በዚያው ፌስታል ተጠቅልሎ ቀጠለ። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጸደቀ። እናያለን።

ቆሻሻ ማንሳቱ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለውጥ አለ። ማህበራቱ ቤት ለቤት ይሰበስባሉ፤ ገራባውን (የጫት ትራፊውን) ደግሞ ፍየሎቹ ይጨርሱታል። ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱም፣ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ዳር ዳሩን ግንብ ተሠራለት። አሸዋው ላይ ቆሻሻ የሚደፋው ግን አሁንም አለ፤ ከላይ ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደዋል። የኔ ቅሬታ ይኼ ነው፦ ገንዳ ሲሞላ ዘመቻ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከመሬት በታች ላለው ግን ዘመቻ የሚወጣለት የለም። የከርሰ ምድሩን ውሃ ደግሞ የምንጠጣው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሐረርም እኮ ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባት ወዲህ በአብዛኛው የምትጠጣው ከዚሁ ከድሬ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ተገፍቶ የሚወጣላትን ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ልጅሽ ጡት ብቻ የምትጠባ ከሆነ አትስጊ። የዱቄት ወተት ከጀመረች የታሸገ ውሃ አፍልተሽ በጥብጪላት። ናይትሬት ሲበዛ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠናል። ጀርም መግደያው ክሎሪን፣ ውሃ አጋርም፣ አይነካውም።

ለናንተ ለአዋቂዎቹ የተጠራቀመውን አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር ጨምራችሁ ጠጡ። ሮቶና በርሜል ክደኚ፤ በ2011 ክረምት ከተማውን የጣለው ቺኩንጉንያ የሚተላለፈው በተጠራቀመ ውሃ በምትራባ ትንኝ ነው።

ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አከራዩን ሴፕቲኩ መቼ እንደተመጠጠ ጠይቂው። «እሱ አይሞላም» ካለሽ፣ ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ቢኖርም ለመጠጥ እንዳትቀጂ።