ብስክሌት ስነዳ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ብርድ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 57 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ደም ግፊት አለብኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በአዲሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ የማይን ወንዝን ይዤ እስከ ሃናው ሄድኩ። ፀሐይ ነበር፤ ግን ይበርዳል። ስመለስ ባትሪው አለቀብኝ። ከፊት የሚመጣውን ንፋስ እየታገልኩ ስረግጥ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ መንጋጋዬም ከበደኝ። ቁጭ ስል ለቀቀኝ። ብርድ መታኝ ብዬ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊንና አይቡፕሮፌን ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህም ደረጃ ስወጣ ያዝ አድርጎ ይተወኛል። በዚህ ብርድ ምን ለብሼ ልንዳ? ባለቤቴ ብስክሌቱን ሽጠው እያለችኝ ነው።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለሚለበስ ነገር ነው። ግን መንጋጋዎንና ደረጃውን የጠቀሱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የሰጉት ለልብዎ ነው፤ ስጋትዎም ልክ ነው። ቶሎ ከታየ በደንብ የሚታከም ነገር ስለሆነ ግን አይደንግጡ።

የ5 ዲግሪ አየር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ወደ ዜሮ የቀረበ ሆኖ ነው የሚሰማው። ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ግፊት ይጨምራል። ሞተሩ ሲያግዝ ልብዎ ብዙ አልለፋም። ባትሪው ሲያልቅ ግን ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብስክሌት በንፋስ ላይ መግፋት መጣ። የልብ ደም ሥር ጠቦ ከሆነ የሚናገረው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ብርዱ አባብሶት ይሆናል እንጂ ደረትዎ ውስጥ የገባ ብርድ የለም።

ይህን «ብርድ ነው» የሚባል ነገር እባካችሁ እንተወው። የሚያስነጥስና የሚያስል ኢንፌክሽን ቁጭ ሲሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጥሎ አይሄድም። ሲለፉ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ነገር ሌላ ነው። ክፍሌ የሚመጡ ሰዎች ቦታውን በጣት አያሳዩኝም፤ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሃል ላይ ያሳርፋሉ። «ሕመም እንኳ አይደለም» ይሉኛል። ጫና፣ ክብደት፣ ማፈን ነው የሚሉት። ወደ መንጋጋ፣ ወደ አንገት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ ትከሻ ይሄዳል። አንዳንዱን የሚያቃጥለው ከእምብርቱ በላይ ስለሆነ ጨጓራዬ ነው ብሎ ወተት ይጠጣል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ምንም ሳያመው ትንፋሽ ብቻ ሊያጥረው ይችላል። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዳማከሴው ይህን አይነካውም። የተሻለ የሚመስለው ስላረፉ ነው።

አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል፤ የጠበበ የደም ሥር አይከፍትም። አይቡፕሮፌን ደግሞ ጭራሽ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለልብ ሕመምተኛም አይመከርም። ዛሬውኑ ያቁሙት። የግፊት ክኒንዎን ግን እንዳያቋርጡ። ሦስት ሳምንት መጠበቅዎ በእውነቱ አሳዝኖኛል። ጀርመን አገር የጤና መድን ይዞ፣ ሐኪም በቅርብ እያለ፣ ከሻንጣ የወጣ መድኃኒት ለምን?

አሁን ደረጃ ላይም መያዝ ስለጀመረዎት ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ዛሬ ወይም ነገ ጠዋት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። «ደረቴን ስለፋ ይይዘኛል፣ ሳርፍ ይለቀኛል፣ አዲስ ነው» ይበሉ፤ «በርዶኝ ነው» አይበሉ። የዚያኑ ቀን ካላዩዎት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ኤካጌ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ያነሱዎታል፣ ደም ይመረምራሉ። ተኝተው የተነሱት ኤካጌ ደህና ቢሆንም በዚያ ብቻ ረክተው አይመለሱ፤ ሌላ የልብ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ቁጭ ብለው ከ5 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀዎት፣ ወይም ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ 112 ይደውሉ። ራስዎ መኪና አይንዱ፤ ባለቤትዎም አታድርስዎት፤ አምቡላንስ ይምጣ።

ብስክሌቱን አይሽጡት። ምርመራው እስኪያልቅ ግን ይቁም። ብዙ የልብ ታካሚዎች ሕክምናቸውን ይዘው ይነዳሉ፤ ሐኪምዎ ሲፈቅድልዎ የኤሌክትሪኩ እገዛ ይጠቅምዎታል። ያኔ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀስ ብለው እየነዱ ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ አፍና አፍንጫዎን በሻርፕ ይሸፍኑ። ሲወጡ በንፋሱ ላይ፣ ሲመለሱ ንፋሱን ከኋላ አድርገው ይንዱ። ባትሪው ግማሽ ከመድረሱ በፊትም ይመለሱ።