ዶከር 8 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ፦ ዳታህ ሳይጠፋ አይቀርም ብለህ አትቸኩል

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። የቤት ዴስክቶፕ አለህ፤ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ዶከር ዴስክቶፕ፣ ፕሮግራሞችን «ኮንቴይነር» በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬደው፣ አንዳንዴ አይነሳም። ሲነሳ ደግሞ ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል። ትናንት የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራሙ) ኮንቴይነሩን በትዕዛዝ አጥፍተህ አዲስ ስታስነሳ ዳታቤዙ ባዶ ሆነ። «ልተወው ወይ?» ብለሃል።

አትተወው። ከሁሉ በፊት ግን ምንም ነገር እንዳታጸዳ። «ፕሩን» የሚባለውን፣ ጥቅም ላይ ያልዋለውን የሚጠርገውን ትዕዛዝ አሁን እንዳትነካው። ዳታህ እዚያው ሊኖር ይችላል። የፖስትግሬስ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ቮልዩም (ዳታው ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቀመጥበት ቦታ) ሳትሰጠው ብታስነሳውም ራሱ ስም የሌለው ቮልዩም ይፈጥራል። ኮንቴይነሩን በተራ የማጥፊያ ትዕዛዝ ስታጠፋው ቮልዩሙ አብሮ አይሄድም። አዲሱ ኮንቴይነር ግን አሮጌውን አያውቀውም፤ የራሱን አዲስ ይከፍታል። ባዶ የመሰለህ ለዚህ ነው። ዶከር ዴስክቶፕ ላይ «ቮልዩምስ» የሚለውን ክፈት። ስሙ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር የሆነውን፣ በተፈጠረበት ቀን እየለየህ ፈልገው። ካገኘኸው ያንኑ ስም ሰጥተህ፣ በዚያው በድሮው የፖስትግሬስ ቨርሽን ኮንቴይነር አስነሳ። እኔ ይሄን ያወቅኩት የሁለት ወር ሥራዬን በገዛ እጄ ካጸዳሁ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ለቮልዩምህ ስም ስጠው። «ኮምፖዝ ዳውን» (በኮምፖዝ ፋይል የዘረዘርካቸውን ኮንቴይነሮች የሚያጠፋው ትዕዛዝ) ስም ያለውን ቮልዩም አይነካም። ከኋላው ሰረዝና «ቪ» ከጨመርክ ግን ጠርጎ ይወስደዋል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ የምትጽፈው ፓስወርድ የሚሠራው ቮልዩሙ ባዶ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ ነው። በኋላ ፋይሉ ላይ ብትቀይረው ዳታቤዙ አይሰማህም። በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ከሰዓት ጭንቅላቴን ስመታ ውያለሁ።

አሁን ወደ ስታኩ እንምጣ። የምትጠቀምባቸው ኮንቴይነሮች የሊኑክስ ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሄዱም። ስለዚህ ዶከር ዴስክቶፕ ከጀርባ አንድ የሊኑክስ ማሽን ያስነሳል። ደብሊው ኤስ ኤል 2 የሚባለው እሱ ነው። ቤትህ ውስጥ የማታየው ተከራይ አለ በለው። ራሙን የሚበላውም ዲስኩን የሚሞላውም እሱ ነው።

አልነሳም ሲል እኔ አጥፍቼ እንደገና ኢንስቶል አደርግ ነበር። አራት ጊዜ! ችግሩ ዶከሩ ጋር አልነበረም። ታስክ ማናጀር ክፈት፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ። ከግራፉ ሥር «ቨርቹዋላይዜሽን» (ኮምፒውተሩ በውስጡ ሌላ ማሽን እንዲያስነሳ የሚያስችለው) የሚል ታያለህ። «ዲሴብልድ» (ጠፍቷል) ካለ ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ፣ ገብተህ ማብራት ነው። ኢንቴል ላይ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም» ይላል። የኔ ያገለገለ ኮምፒውተር ስለነበረ ጠፍቶ ነው የመጣው። አንተ ጋ ግን አንዳንዴ ስለሚነሳ ይሄ በርቷል ማለት ነው፤ ያንተ የራም እጥረት ይመስለኛል።

ያ ማሽን ካልገደብከው የኮምፒውተሩን ራም እስከ ግማሽ ሊይዝ ይችላል። ከ8ቱ 4ቱ ከሄደ ለክሮምና ለቪኤስ ኮድ ምን ተረፈ? መፍትሔው አንድ ትንሽ ፋይል ነው። በዊንዶውስ ስምህ ፎልደር ውስጥ «ደብሊውኤስኤልኮንፊግ» የሚባል፣ ከፊቱ ነጥብ ያለው ፋይል ፍጠር። ሜሞሪውን 3 ጊጋ በለው። ኖትፓድ ከኋላው «ቲኤክስቲ» እንዳይለጥፍበት እይ፤ ከለጠፈ ፋይሉ አይነበብም፣ ማንም አይነግርህም። ከዚያ «ደብሊውኤስኤል ሻትዳውን» ብለህ ዶከርን እንደገና ክፈት። እኔ ስስት ይዞኝ ወደ 1 ጊጋ ዝቅ አድርጌው ነበር። ኮንቴይነሮቹ 137 የሚል ቁጥር እያሳዩ ይወድቁ ጀመር። ይሄ ቁጥር ኮንቴይነሩ ከውጭ በግድ ተገደለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በራም ማለቅ።

ሲ ድራይቭህም ከሞላ አይግረምህ። ተከራዩ ዕቃውን በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነው የሚያኖረው። ኢሜጅ ብታጠፋም ፋይሉ ብዙ ጊዜ በራሱ አያንስም። ሴቲንግ ውስጥ «ሪሶርስስ» ገብተህ ቦታውን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውረው።

የኢንተርኔቱን ነገር አልጠየቅክም፤ ግን በሞባይል ዳታ የምትጠቀም ከሆነ ፓኬጅህ በአንድ ቀን ያልቃል። ዶከር ሲያወርድ ሦስት ሦስት ቁራጭ አብሮ ይጎትታል። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ «ዶከር ኢንጂን» ሴቲንግ ውስጥ ወደ አንድ ዝቅ አድርገው። ከዚያ የተሻለው ግን ኢሜጁ ያለው ጓደኛ ማግኘት ነው። እሱ «ዶከር ሴቭ» ብሎ ፍላሽ ላይ ይገለብጥልሃል፣ አንተ «ዶከር ሎድ» ትላለህ። እኛ ቢሮ አንድ ፍላሽ ለዚሁ ተብሎ ነው የተቀመጠው።

በል የቮልዩም ዝርዝርህን ስክሪንሾት አንስተህ ላከው፣ የትኛው እንደሆነ አብረን እንፈልጋለን። እስከዚያ ፕሩን የለም!