ምሽጉን ያስታውሳል፣ የላክሁትን ይረሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ በ1991 ዓ.ም. ባድሜ ዘምቶ በሕይወት ተመልሷል። አሁን 47 ዓመቱ ነው። ሽንኩርት ግዛ ብዬ ስልከው ባዶ እጁን ይመጣል። የምሽጉን ቀን ግን ከነሽታው ያወራዋል። በር ሲጋጭ ይደነብራል፣ ሌሊት ይቃዣል። የመርሳት በሽታ ይሆን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ የሩቁን አስታውሶ የቅርቡን መዘንጋት በመርሳት በሽታም ይታያል። በ47 ዓመት ግን ብርቅ ነው። ድንጋጤውና ቅዠቱ ሲጨመሩበት ሐሳቤ ወደ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን (ከአስፈሪ ነገር በኋላ ወደሚቀር የአእምሮ ሕመም) ያዘነብላል።

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ አደጋን የሚጠብቅ ዘብ ነው። ከግንባራችን አጥንት ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ተወው፣ በር ነው» እያለ ያረጋጋዋል። በዚህ ሕመም ዘቡ ከጥበቃ አይወርድም፣ የሚያረጋጋውም ይደክማል። ሂፖካምፐስ የሚባለው ሌላው የአንጎል ክፍል ነገሩ የትና መቼ እንደሆነ ይመዘግባል፤ በሽብር ሰዓት ሽታውና ድምፁ ጠልቆ ሲቀረጽ ጊዜና ቦታው ይሳሳል። ስለዚህ ምሽጉ እንደ ትዝታ ሳይሆን እንደ ዛሬ ይመጣባቸዋል። ሽንኩርቱንማ ረሱት ከማለት መጀመሪያም አልሰሙትም ማለት ይቀላል። እርስዎ ሲናገሩ ጆሯቸው ደጅ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱም የራሱን ያህል ያዘነጋል።

ጦርነቱ አንጎላቸውን በልቶታል ብለው ግን አይደምድሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት የቬትናም ዘማቾችን ጦር ሜዳ ካልረገጡ መንትያ ወንድሞቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሕመሙ የጠናባቸው ዘማቾች ሂፖካምፐስ አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የቤት ወንድሞቻቸውም እንዲሁ! ቢያንስ በከፊል አብሮ የተወለደ ተጋላጭነት ነው ማለት ነው።

ሕክምና አለው፣ ዓመታት ቢያልፉም። አስፈሪውን ትዝታ ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ የሚጋፈጡበት የንግግር ሕክምና ቀዳሚው ነው፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ለእንቅልፍ ብለው ከፋርማሲ ዲያዜፓም አይግዙላቸው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ማስታወስንም ይጎዳል። ሲወስዱ ከቆዩ ደግሞ በድንገት አያስቁሟቸው። መጠጥም እንደ ዲያዜፓሙ ሱስ ያስይዛል፣ ማስታወስንም ይጎዳል። ጠበሉን አልከለክልም፣ መድኃኒቱ እስካልተቋረጠ።

ሐኪሙ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያዝዝ ይሆናል። ፍንዳታ ጭንቅላታቸውን መትቷቸው እንደሆነ ይንገሩት። የሚያውቁት መንገድ ከጠፋባቸው ፈጥነው ይሂዱ፤ ስለ ሞት ማውራት ከጀመሩማ ዛሬውኑ።

አብረዋቸው ይግቡ። እሳቸው «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት፤ ቅዠቱን የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።