ቪዛው እስኪመጣ ደስታሽን አትቆልፊበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምሽበት የአውሮፓ ጉዞ አራት ወር ቀርቶታል። በ16 ቀን ሰባት አገር ልታዪ ነው፣ ለንደንን መሃል ላይ አስገብተሽ። ቪዛ ገና አላመለከትሽም። የቤት ሰው ደግሞ «ሳይመታ አታውሪ፣ ሳይመታ አትደሰቺ» እያለ ልብሽን ያቀዘቅዘዋል። እኔ ሰኔ 2017 ሄጄ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዴ ተከልክያለሁ። ሁለቱንም ስላየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ከደስታው ልጀምር። ከጥያቄሽ ውስጥ ያሳዘነኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ሳመለክት ለማንም አልተነፈስኩም። ካርታ አልገለጥኩም። የሮማ ፎቶ እንኳ ስልኬ ላይ ሲመጣ በጣቴ ገፍቼ አሳልፈው ነበር። ቢቀር እንዳይቆጨኝ ብዬ ነው። ቀረ። ቆጨኝም። አለመደሰቴ ሀዘኑን በሳንቲም አልቀነሰልኝም። ደስ ሊለኝ ይችል የነበረው ሦስት ወር ብቻ ባከነ።

በሁለተኛው ዓመት ይህን ነገር ተውኩት። ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ስወጣ የታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት አንዲት ካፌ እገባለሁ። ማኪያቶ አዝዤ የሮማን ካርታ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። የወረቀት ካርታ ናት፤ ከመታጠፍ ብዛት ቴርሚኒ ጣቢያ ላይ ተቀድዳለች። አስተናጋጇ ለመደችኝ። «ዛሬ የት ደረስሽ?» ትለኛለች። «ኮሎሲየም» እላታለሁ። ስኒውን አስቀምጣ ትንሽ አብራኝ ታያለች። ቪዛው የመጣ ቀን ከቤተሰቤ ቀጥሎ የነገርኩት ለእሷ ነው። ለሁሉም ሰው አውሪ ማለቴ አይደለም። እንደሷ «የት ደረስሽ?» የሚልሽ ሰው ካለ ግን አትደብቂው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሸንገን ቪዛ፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ላይ የሚያስገባው ማለት ነው፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። አንቺ አራት ወር ነው የቀረሽ፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበይ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የኛን ፓስፖርት ለያዘ ሰው የማመልከቻ ማያ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም አቁሟል። የኔም አንዴ ብቻ የሚያስገባ ነበር። ይህ ማለት ለንደንሽ መሃል ላይ ልትሆን አትችልም። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የራሷ ቪዛ አላት። ከፓሪስ ወጥተሽ ለንደን ከገባሽ በዚያው ቪዛ ወደ ሮማ መመለስ የለም። የግድ ለንደን ካልሽ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ አድርጊያት። ስዊዘርላንድ ግን ኅብረቱ ውስጥ ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ስለሆነች አታሳስብሽም።

የምታመለክቺው ብዙ ቀን ለምትቆዪበት አገር ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቢበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉሽም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ፓስፖርትሽ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ትኬት ሪዘርቬሽኑን ብቻ አሠሪ፤ ቪዛው ሳይመጣ ገንዘቡን እንዳትከፍዪ።

የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ግን ቆም እንበል። የተከለከልኩ ጊዜ ዕቁብ ደርሶኝ ብሩን በአንድ ቀን ባንክ አስገባሁ። ከሳምንት በኋላ አመለከትኩ። ወረቀቱ ላይ ስታዪው ባዶ ሜዳ ላይ ድንገት የበቀለ ፎቅ ይመስላል። መልሱ «ተመልሰሽ ለመምጣትሽ እርግጠኛ አይደለንም» የሚል ነበር። በኔ ግምት የተበደርኩት መስሏቸዋል። ሁለተኛው ጊዜ የስድስት ወር ስቴትመንት አመጣሁ፤ ደመወዙም ቁጠባውም በየወሩ ሲገባ የሚታይበት። የዕቁቡን ዳኛና ጸሐፊ አስፈርሜ ወረቀቱን አስተረጎምኩት። የዓመት ፈቃዴንና ሥራዬ እንደሚጠብቀኝ የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም አያያዝኩ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አስረጂ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሰባት አገር ይበዛል። ይህን በፍቅር ነው የምልሽ። በ16 ቀን ሰባት አገር ማለት ሻንጣ መክፈትና መዝጋት ነው። እኔ ሮማ ሰባት ቀን፣ ሚላኖ አንድ አዳር፣ ፓሪስ ስድስት ቀን ነው የቆየሁት። አልጸጸትም።

ሮማን ለምን ሰባት ቀን? እዚያ የራሳችን ታሪክ ስላለ ነው። ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ፣ ከፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ጀምሮ እስከ 1996 የቆመው እዚያ ነው። በ1997 አገሩ ገባ፣ በ2000 አክሱም ላይ ተተከለ። ቦታው ላይ ስደርስ መኪና ብቻ ነው የሚያልፈው። ባዶነቱን ቆሜ አየሁት። ለሌላው ቱሪስት ምንም የሌለበት አደባባይ ነው፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ሄዷላ! ቤቱ ገብቷላ!

ከዚያ ወደ ቆንስታንቲኖስ ቅስት በእግርሽ ሂጂ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ማታ፣ ለኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው፣ ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ አፈትልኮ የወጣውና ማራቶኑን የጨረሰው በዚያ መንገድ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግሩ። በማግስቱ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሄድኩ። የሩጫው መስመር በዚያም ያልፍ ነበር፤ ጨልሞ ስለነበር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ዳሩን ቆመውለታል። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ዳሰስኩት። ጥቁር ነው፣ እንደ ትራስ ትልልቅ፣ ላዩ ከመለስለሱ የተነሳ ያንሸራትታል። በድንጋይና በድንጋይ መሃል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የጋሪ ጎማ የቦረቦረው ቦታም አለ። በስፖርት ጫማ እንኳ ቁርጭምጭሚቴን ያመኝ ነበር። እዚያ ሆነሽ የአበበን እግር ስታስቢ ስለ ሩጫው ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰማሽው ሁሉ ሌላ ይሆንብሻል።

ይህንን ሁሉ ያወቅኩት ካፌ ውስጥ ካርታ ላይ ነው። ለዚህ ነው አራቱን ወር ተጠቀሚበት የምልሽ። ሳያውቁ ቢያልፉ ፖርታ ካፔና የመኪና መንገድ ነው።

ፓሪስ ደግሞ የአባቴ ከተማ ናት። አንድም ቀን አላያትም። ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፣ ፈረንሳይኛውንም የተማረው እዚያው ነው። ለገሃር ማለት «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ እሱም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች ስም የመጣ ነው። የኛ ቤት አሁን ተነስቷል፣ ስሙ ግን አለ። እንግዲህ ረዳቱ «ፒያሳ! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ እኔ የአውሮፓን ስም እየሰማሁ ነው ያደግኩት ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ፓሪስ በአውሮፕላን መግባት አልፈለግኩም። ከሚላኖ በባቡር ሄድኩ። ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የአልፕስ ተራሮች ጫፍ በሰኔ እንኳ በረዶ ነበረው። ማታ ላይ ባቡሩ ቆመ፣ ወረድኩ፣ ቀና ስል ትልቅ ጽሑፍ፦ «ጋር ደ ሊዮን»። ጋር። አባቴ በጣቱ አየር ላይ እየጻፈ ያስቆጠረኝ አራት የፈረንሳይኛ ፊደል (Gare)። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቆየሁ። አንቺም እንዲህ ያለ ቦታ ይኖርሻል። ጉዞሽን እሱ ዙሪያ ሥሪው፣ ሌላው ይደርሳል።

ጥቃቅኑን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። የሰኔ ጾም ላይ ነበርኩ፤ «ቬጋን» በይ። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ አይብ ጨምረው ያመጡልሻል። ሮማ ማኪያቶ ካዘዝሽ ወተት ጠብ ያለባት አንዲት ጉንጭ ቡና ናት፣ የኛን አትጠብቂ። ውሃ አትግዢ፣ መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ የሚፈስ የሚጠጣ ቧንቧ ሞልቷል። ጣሊያን ውስጥ የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከያዝሽ ከመሳፈርሽ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት አለብሽ፤ እኔ ሳላስመታ ገብቼ ተቀጥቻለሁ። ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው። ፓሪስ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ገና ቀን ነው እያልሽ እራት እንዳያልፍሽ። ትኬት ላይ 13:00 ካለ የኛ 7 ሰዓት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሲደክምሽ ይምታታል፤ ስልክሽን ገና ከቦሌ ሳትነሺ በእነሱ አቆጣጠር ሙዪው።

ያቺ ካርታ አሁንም አለችኝ። ቴርሚኒ ላይ ተቀድዳለች እንጂ ሌላዋ ደህና ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብሔራዊ ቴአትር፣ አንበሳው ጋ ነይና ውሰጃት። ማኪያቶውን እኔ ነኝ የምጋብዘው። ካርታዋን ስትመለሺ ትመልሺልኛለሽ።